ሹራቡን ያስተካከልኩባቸው እናት

ኮርንዋል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ባሕር ነው። እኔ በእንክብካቤ ሥራ ቪዛ ነው የመጣሁት። ከቤት ቤት እየነዳሁ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ አነጋገራቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ በር ከፍተው «ማይ ላቨር» ሲሉኝ ወደ መኪናዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። ለካስ እዚህ ለፖስተኛውም ለባለሱቋም «ማይ ላቨር» ነው። የኛ «የኔ ዓለም» በሉት።

ሌላኛው ቃል ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ቦድሚን ሙር የሚባለው ሰፊ ደጋ ሜዳ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። መርሳት ጀምሯቸዋል። ጠዋት ስገባ ብዙ ጊዜ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው አገኛቸዋለሁ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ታጉ አንገታቸው ሥር ተንጠልጥሎ። አውልቄ አስተካክዬ አለብሳቸዋለሁ፤ መዝገቡ ላይም «ሹራብ ገልብጠው ለብሰው ነበር፣ ተስተካክሏል» ብዬ እጽፋለሁ። አይከለክሉኝም፤ ፊታቸው ግን ይጠቁራል። አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርገው «ፒስኪ ሌደን» አሉኝ። የመድኃኒት ስም መስሎኝ ሣጥኑን በረበርኩ።

ያስረዳችኝ ልጃቸው ናት፣ እየሳቀች። ፒስኪ በኮርንዋል ተረት ውስጥ ያለ ትንሽዬ ፍጡር ነው። ጎረቤት ዴቨን ውስጥ ድምፁ ተገላብጦ «ፒክሲ» ይሆናል። ክፉ የሚባል አይደለም፣ ተንኮለኛ ነው። ሌሊት የሰው ፈረስ ሲጋልብ ያድራል፤ ደስ ካለው ደግሞ የገበሬውን እህል ወቅቶለት ይሄዳል። ዛሬ የነሐስ ፒስኪ ለቱሪስት ይቸበቸባል፤ ንግሥታቸው ጆአን ዘ ዋድም ገድ ታመጣለች ተብላ ትሸጣለች። ይሄኛውን ወሬ እንኳ ብዙም አልወደድኩትም።

የፒስኪ ዋናው ጨዋታ ሰው ማዞር ነው። ሰውየው በገዛ ማሳው፣ ልጅ ሆኖ በቦረቀበት ሜዳ፣ መውጫው ይጠፋዋል። አጥሩን ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በር የለም። ያ ሰው «ፒስኪ ሌደን» ነው፤ ፒስኪ የመራው እንደ ማለት። ቃሉ ሰፍቶ ግራ ለገባውና ሐሳቡ ለተበተነ ሰውም ይነገራል። መድኃኒቱ ደግሞ ኮትን ገልብጦ መልበስ ነው። ኮት የሌለው ኪሱን ይገለብጣል፣ ወይም ጓንቱን። ያኔ ይለቁታል።

እናቴ «አዙሪት ይዞሽ ነው፣ አማትቢ» የምትለኝ ትዝ አለኝ።

ሴትዮዋ በገዛ ወጥ ቤታቸው የጓዳው በር ሲጠፋቸው የሚያውቁትን መድኃኒት ነበር የሚያደርጉት። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ሳወልቅባቸው ከረምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹራቡን አልነካም፣ መዝገቡ ላይም አልጽፍም። አለቃዬ ይህን አታንብብብኝ።

ባለፈው ኅዳር የእኔም ተራ ደረሰ። እዚህ «ሚዝል» የሚሉት አለ፤ ጉም ይሁን ካፊያ የማይለይ ነገር። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኙ ከሰው በላይ በሆነ አጥር የታጠረ ነው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ሙሩ ላይ የጥንት የድንጋይ መስቀሎች በየመንገዱ ዳር ቆመዋል፤ አንዱን፣ ክንዱ በድንጋይ ሽበት የተሸፈነውን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሳልፈው ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ስንት ጊዜ የነዳሁበት መንገድ!

መኪናዬን አቆምኩ። ማን ያየኛል ብዬ የሥራ ጃኬቴን አውልቄ ገልብጬ ለበስኩ። ማማተቡንም አልተውኩም።

40 ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። ሴትዮዋ በር ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ስፌቱን፣ ከዚያ አንገቴ ሥር የተንጠለጠለውን ታግ። በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«የቱ ጋ ያዙሽ?» አሉኝ።