ጢያ ላይ ሁሉም ሊቅ ነው

በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግረን፣ ሶዶ ውስጥ ጢያ ደረስን። ግቢው ካሰብኩት ያንሳል። የታጠረ ሣር ሜዳ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው እነዚህ ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ 32ቱ ላይ ምስል ተቀርጿል።

አንዱን ተጠጋሁት። ሰይፎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። «እያንዳንዱ ሰይፍ የተገደለ ጠላት ነው ይባላል» አለ አስጎብኚያችን። እሺ ብለን አለፍን። ከሰይፎቹ በታች ያለው ቅርንጫፍ መሳይ ምልክት ግን አላሳልፍ አለን።

«እንሰት ነው» አሉ አብረውን የመጡ አንዲት እናት። «እንሰት ካልሆነ እኔም ጉራጌ አይደለሁም!»

«ኧረ እማማ፣ በርኩማ ነው» አለ አንድ ጎረምሳ። ሌላው ሥር ነው አለ። ፀሐዩ አናታችንን እየበሳው ተከራከርን።

አስጎብኚው ቀጠለ። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል። እኛ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ድንጋይ መቼም ለግራኝ ነው የሚሰጠው። ግን የጥናት ባለሙያዎች ሲቆፍሩ ከሥሩ መቃብር አገኙ፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ። ግራኝ የተነሣው በ16ኛው ነው። የተቀበሩት ወጣት ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ እግራቸውን አጥፈው፣ ኩርምት ብለው።

ይህን ሁሉ ሲናገር አንድም ሰው አልጠየቀም። «አሃ» ተባለና ሁሉም ወደ እንሰቱ ተመለሰ። አልፈረድኩባቸውም። መልስ ያለው ነገር ላይ አድማጭ ብቻ ነን። መልስ የሌለው ላይ ግን አርኪዮሎጂስቱም እማማም እኩል ናቸው፤ ማን «ተሳስተሻል» ይላቸዋል? ሚስጥር የሚጣፍጠን በዚህ ይመስለኛል። አስፈሪም ስለሆነ አይደለም፤ ጢያ ላይ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ በግ ይግጣል።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ወጣት አንድ ቦታ ምን አስቀበረው? ጦርነት? በሽታ? አስጎብኚውን ለብቻው ጠየቅኩት።

«እሱን ብዙ ሰው አይጠይቅም» አለኝና ሌሎቹን ሊገላግል ሄደ።

ቡታጅራ ገብተን ክትፎ እየበላንም ክርክሩ አልበረደም። ግቢው ውስጥ እግሩን ያላስገባው ሾፌራችን ጎርሶ ሲያበቃ «እኔን ብትጠይቁኝ» ብሎ ጀመረ።