የግሉኦን አምፕሊቲዩድ ስሌት፦ ከዲያግራም ጫካ ወደ አንድ መስመር

ሁለት ግሉኦኖች (የጠንካራው ኃይል ተሸካሚ ቅንጣቶች) ተጋጭተው ሁለት ሲወጡ፣ አምፕሊቲዩዱን (ካሬው የክስተቱን ዕድል የሚሰጠውን መጠን) ለማስላት የሚደመሩት የፋይንማን ዲያግራሞች (የግጭቱን መንገዶች የሚያሳዩ ሥዕሎች) ያለ ሉፕ፣ ማለትም ያለ ዝግ ቀለበት፣ 4 ናቸው። ሦስት ሲወጡ 25፣ አራት ሲወጡ 220፣ ስምንት ሲወጡ ከ10 ሚሊዮን በላይ! የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ወረቀት ተሞልቶ መልሱ አንዳንዴ አንድ መስመር መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን (የጠንካራውን ኃይል ቻርጅ፣ በማትሪክስ የሚጻፈውን) ለይታችሁ አውጡ። እያንዳንዱ የቀለም ማትሪክሶች ቅደም ተከተል የራሱ ከፊል አምፕሊቲዩድ አለው፤ ለአምስት ግሉኦን (ሁለት ገብተው ሦስት ሲወጡ) 25ቱ ዲያግራም ወደ 10 ይወርዳል። ከዚያ የእያንዳንዱን ክብደት አልባ ግሉኦን ሞመንተም በሁለት ስፒነሮች (ባለ ሁለት ክፍል ቬክተሮች) ጻፉት፤ ⟨12⟩ የግሉኦን 1 እና የግሉኦን 2 ስፒነሮች ብዜት ነው። አምስቱም ግሉኦኖች ከግጭቱ እንደሚወጡ ተቆጥረው ግሉኦን 1 እና 2 አሉታዊ፣ ሌሎቹ አዎንታዊ ሄሊሲቲ (በጉዞ አቅጣጫ የሚለካ ስፒን) ካላቸው፣ ከፊል አምፕሊቲዩዱ (የጋራ ማባዣውን ትተን) ይህ ነው፦

⟨12⟩⁴ ÷ (⟨12⟩⟨23⟩⟨34⟩⟨45⟩⟨51⟩)

ፓርክ እና ቴይለር ይህን ቅርጽ ያቀረቡት በ1986 ነው። አሉታዊ ሄሊሲቲ ያለው ግሉኦን አንድ ብቻ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ውጤቱ ዜሮ ስለሆነ አትድከሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን ማባዣዎቹ ላይ ነው። የአንድ የቀለም ማትሪክስ ካሬ ትሬስ (የሰያፉ ድምር) 1 ነው ወይስ ½? ሁለቱን ከቀላቀላችሁ በየግሉኦኑ √2 ይዛባል። ካሬ አድርጋችሁ ስትደምሩም ለሁለት ገቢ ግሉኦኖች በ256 (2×2×8×8፦ ለእያንዳንዱ 2 ሄሊሲቲ እና 8 ቀለም) ማካፈል አትርሱ፤ ሁለት ግሉኦን ከወጣ ደግሞ ተመሳሳይ ስለሆኑ እንደገና በ2።

ዲያግራም በዲያግራም ለሚሠራ ጥሩው መፈተኛ የአንዱን ግሉኦን ፖላራይዜሽን (የስፒን ሁኔታውን የሚገልጽ ቬክተር) በራሱ ሞመንተም መተካት ነው፦ ድምሩ ዜሮ ካልመጣ ወይ ዲያግራም ጎድሏል፣ ወይ ምልክት ተገልብጧል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የአራት ግሉኦኑን ቨርቴክስ (አራት ግሉኦኖች በአንድ ነጥብ የሚገናኙበትን) እፈትሻለሁ።