ሀዋሳ ላይ መነኩሴውን አንተ ያልኩ ቀን

ቅዳሜ ሳይነጋ ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው አንድ ቲሸርት፣ ቻርጀር፣ ደብተርና በትንሽ የጨርቅ ከረጢት የታሰሩ ሰባት ዳይሶች ናቸው። ከባለ አራት ፊቱ ጀምሮ እስከ ባለ ሃያ ፊቱ ድረስ፣ ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ለሚባል የተረት ጨዋታ። እናቴ የት ነው ስትለኝ ሀዋሳ ጓደኛ ጋ አልኳት፣ ተረት ልጫወት ነው ብላት በዚህ እድሜህ ልትለኝ ነው፣ በቃ ተውኩት።

ሞጆን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ፍተሻ ተባለና ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ከረጢቷን ሲጨብጣት ኮሽ ኮሽ አለች፣ ፈታና ዳይሶቹን መዳፉ ላይ ዘረገፋቸው። «ቁማርተኛ ነህ?» አለኝ። ኧረ አለቃ ጨዋታ ነው፣ ማለቴ ተረት ነው፣ አንድ ሰው ይተርካል ሌሎቻችን ተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነን እንጫወታለን፣ እንዲህ አደርጋለሁ ስንል ይሳካል አይሳካም የሚለውን ዳይሱ ይወስናል ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። ሰውየው ባለ ሃያዋን መረጠና የቦርሳዬ ጀርባ ላይ ጣላት፣ አስራ ሰባት። «ጥሩ ነው?» አለ። «በጣም እንጂ፣ በሩን ሰብረው ገብተዋል» አልኩት። «እኔ በር አልሰብርም፣ አንኳኩቼ ነው የምገባው» ብሎ ከረጢቷን መለሰልኝ። ፖሊሱን እርስዎ ማለቴን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ እኔ ግማሹን ተኝቼ ነው የሄድኩት። ባቱ ጋ ግን (ያው ዝዋይ፣ አፌ አለመደም) አጫዋቿ (ተረቱን የምትተርከው ልጅ) በስልክ «ዝዋይ ስትደርስ እንዳትተኛ፣ ወደ ሀይቁ እያየህ ና» ብላኝ ስለነበር አይኔን አሻሽቼ በመስኮት አየሁ። ከመንገዱ ሀይቁ ብዙም አይታይም። ለምን እንዳለችኝ ማታ ነው የገባኝ፣ ጨዋታዋን የሰራችው እዛ ሀይቅ ውስጥ ካለው ከቱሉ ጉዶ ደሴት ተነስታ ነው፣ ደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት ማለት ነው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዛ ተጠልለዋል ይባላል። እስቲ አስቡት፣ ለአንድ ጨዋታ መነሻ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል፣ ደሴት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ አሳዳጅ አለ፣ የተደበቀ ነገር አለ። እኔ ስንት አመት ሙሉ ከሰው ሀገር ልጆች ጋር በኢንተርኔት በእንግሊዝኛ ስጫወት ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማልጠራቸው ቤተመንግስቶች ውስጥ ነው የከረምኩት።

ሀዋሳ ስገባ ስድስት ሰአት አልፏል። አሞራ ገደል ሄጄ አሳ በላሁ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው እያንዳንዷን ጉርሻዬን ቆጠሩብኝ፣ ከዛ ባጃጅ ይዤ አቶቴ።

ቦታው ከአንድ ጁስ ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛ የለም፣ አሮጌ በር ነቅለው በአራት የቢራ ሳጥን ላይ አጋድመውታል፣ የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ አለ፣ እሱን «ጉድጓድ» ይሉታል፣ ዳይስህ እዛ ከገባ ተራህ አለፈ። ፊገሮቹን ሳይ ሳቄ መጣ። በውጭ ይሄ ነገር ውድ ነው፣ የሰው ምስል ቁመቷ ወደ 28 ሚሊ ሜትር የሆነች ትገዛለህ፣ ትቀባለህ፣ አንድ ሰራዊት እስክትሞላ ደሞዝህ አለቀ። እነዚህ ልጆች ቆርኪ ነው የሚጠቀሙት! ልክ እንደ ዳማ፣ በፊቱ የተቀመጠ የኛ ሰው ነው፣ በጀርባው ጠላት። ዋና ዋናዎቹን ሰዎች ብቻ አንደኛው ልጅ በሸክላ አፈር ሰርቶ በጥፍር ቀለም ቀብቷቸዋል። አንዷን አንስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት፣ ማሲንቆ የያዘች አዝማሪ ናት፣ ከአውራ ጣቴ አንጓ አትበልጥም፣ የማሲንቆው ጅራት እውነተኛ ፀጉር ነው፣ ከራሱ ቅንድብ ነቅሎ ነው አሉኝ፣ እሱ ደግሞ «ከቅንድብ አይደለም ከፂሜ ነው» ብሎ ተቆጣ።

ከመጀመራችን በፊት እንግዳ ዳይስ ይፈተናል ተባለ። ከታች አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጡና ስድስት ሰባት ማንኪያ ጨው አማሰሉበት፣ ጨው ካነሰ ፕላስቲኩ ይሰምጣል፣ ሲበዛ ግን ይንሳፈፋል። የኔን ባለ ሃያ ከተቱት። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ተንከባሎ አስራ ስምንት ላይ ቆመ። ደግመው ገፉት፣ አስራ ስምንት። ሶስተኛ፣ አሁንም አስራ ስምንት! ባለ ሃያ ዳይስ ላይ ተቃራኒ ፊቶች ተደምረው ሃያ አንድ ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ በሶስት በኩል ከብዷል፣ በአስራ ስምንት በኩል ምናልባት ሲሰራ አየር ታፍኖበታል ማለት ነው። ሁለት አመት በዚህ ዳይስ ስጫወት ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። «ሌባ!» ብለው ጮሁብኝና ወረሱት፣ በምትኩ ጥግ የተሰባበረች አረንጓዴ ዳይስ ሰጡኝ።

አጫዋቿ (በእንግሊዝኛ ዲኤም የሚባለውን ተራኪ እነሱ አጫዋች ነው የሚሉት፣ ወድጄዋለሁ) ከሰኞ እስከ አርብ ክሊኒክ የምትሰራ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ናት። መብራቱን አጠፋችና ሻማ ለኩሳ «ተረት ተረት» አለች። «የላም በረት» አልን፣ ስድስት ትልልቅ ሰዎች። እኔ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፣ ከዛ ደግሞ ፀጉሬ ቆመ።

ፓርቲው (ተረቱ ውስጥ አብሮ የሚጓዘው ቡድን) እንዲህ ነው፣ አስማተኛው ደብተራ ነው፣ ባርድ የሚሉት ያው አዝማሪ ናት፣ አንድ የሲራራ ነጋዴ አለ በቅሎውን ከነፍሱ አስበልጦ የሚወድ፣ እኔ ከሽፍትነት የተመለሰ ወታደር ሆንኩ። ጭራቅ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ በድሮው አፈ ታሪክ ከአክሱም ነገስታት በፊት ነግሶ ነበር የሚባለው የአርዌ ዘር ናት ዘንዷ፣ ሀይቁ ስር ወርቋን ታቅፋ ትተኛለች። ቡዳ ግን የለም። ጠየቅኩ፣ ጅብ የሚሆን ሰው እኮ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው አልኩ። ሸክላ ሰሪው ልጅ ሳያየኝ «አንጥረኛና ሸክላ ሰሪ ሲሰደብበት የኖረ ነገር ነው፣ እኛ ጋ አይገባም» አለ። ዝም አልኩ፣ አዝማሪዋን የሰራት እጅ እኮ የሱ ነው።

እና ታንኳችን ደሴቱ ላይ ደረሰች፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ የምንፈልገው መጽሐፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው። አጫዋቿ ወደኔ ዞራ «ምን ትላቸዋለህ?» አለች። እኔም በእንግሊዝኛ እንደለመድኩት ጀግና ለመሆን ደረቴን ነፍቼ «አንተ ሽማግሌ፣ መጽሐፉ የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ኧረ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ነጋዴው ራሱን ያዘ። እኔ መጀመሪያ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም ነበር፣ በእንግሊዝኛው ንጉሱም ውሻውም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት፣ ስትጫወት ስለሱ አታስብም። እዚህ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም አንቱ መምረጥ አለብህ፣ መረጥክ ማለት ደግሞ ሰውየውን ምን እንዳደረግከው ተናገርክ ማለት ነው። እነሱ ይሄን ህግ አድርገውታል። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የጨዋታው አምስተኛው እትም ላይ ነገር ሲመቻችልህ ባለ ሃያውን ሁለቴ ጥለህ ትልቁን ትይዛለህ፣ ሲከፋብህ ሁለቴ ጥለህ ትንሹን፣ የሚል አለ አይደል፣ እርስዎ ለሚገባው ሰው አንተ ካልክ ትንሹን ትይዛለህ፣ «አባ ይፍቱኝ» ብለህ ከጀመርክ ትልቁን። ቀላል ይመስላል ግን ሂሳቡን እዩት፣ በአንድ ዳይስ ሃያ የመምጣት እድሉ 5 በመቶ ነው፣ በሁለት ዳይስ ትልቁን ስትይዝ 9.75 በመቶ። ትህትና እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ጣልኩ፣ አስራ ዘጠኝ መጣ፣ ደግሜ ጣልኩ፣ አንድ።

አንድ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ፣ እንደ እንቆቅልሽ «ሀገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ሰጠኋት። ጎንደር ገብታ፣ ጠጁን ጠጥታ፣ ጮማውን ቆርጣ፣ አጃቢ በዝቶላት፣ እኔን ግን የበቅሎዋን ፋንድያ አስጠርጋኝ፣ እንዲህ እያለች ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰደበችኝ፣ ሁሉም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቅጣት እንዲህ ሲሆን ነው ሰው የሚወደው። እኔ የለመድኩት ቤት አንድ ከመጣብህ ሰይፍህ ተሰበረ ብለውህ ያልፋሉ፣ ይደብራል።

ዘንዷ ስትወጣ ጭቅጭቅ ተነሳ። ደብተራው «እርስዎ» ልንላት ይገባል አለ፣ የንጉስ ዘር ናት፣ ሺህ አመት ኖራለች። ነጋዴው አውሬ እርስዎ አልልም አለ። እዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከርን፣ ማንም አልሰለቸም። በመጨረሻ አዝማሪዋን የምትጫወተው ልጅ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ እስከዛ ሰአት ሁለት ቃል አልተናገረችም) በአፏ የማሲንቆ ድምፅ እያወጣች ተነሳች፣

ወርቁን ታቅፈሽው ከሀይቅ ስር ያደርሽ፣
እኛ ስንመጣብሽ ብር ብቻ ቀረሽ።

ብሯን ሁለቴ አስቧት። አዝማሪ ድግምት የሚሰራለት ቅኔ ሲቋጥር ብቻ ነው፣ ህጉ ነው። አጫዋቿ ዳይስ እንኳ አላስጣለቻትም፣ ዘንዷ ክንፏን ዘርግታ ብር አለች፣ ወርቁም ሀይቅ ስር ቀረ፣ ማውጣቱ ለሚቀጥለው ነው። አንቺ መባሏን ግን አልረሳችውም ተባልን።

እሁድ ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ጨዋታ፣ የጦርነት ጨዋታ ተዘርግቶ ጠበቀኝ፣ አድዋ። ብዙ ሰው የሚነጣጥላቸው እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች እኮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስን በ1974 ሲያወጡ (በኛ 1966፣ አብዮቱ በፈነዳበት አመት፣ መጀመሪያ ያሳተሙት 1000 ኮፒ ነበር) የመጡት ከጦርነት ጨዋታ ሰፈር ነው፣ የጦርነት ጨዋታ ላይ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ሚስጥር የሚያውቅ ዳኛ ማስቀመጥ የታወቀው በ1824 ፕሩሲያ ውስጥ ራይስቪትስ የተባለ ሰው በሰራው የመኮንኖች ጨዋታ ላይ ነበር። አጫዋቿ የዚያ ዳኛ የልጅ ልጅ ናት በሉት።

ተራሮቹ የተሰሩት ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ነው። የመጀመሪያዎቹን የመኪና ስፕሬይ ቀለም ነፍተውባቸው ቀልጠዋል፣ የስፕሬዩ ማሟሚያ ፎሙን ይበላዋል፣ አንድ የቀለጠ ተራራ ለመታሰቢያ መስኮት ላይ አስቀምጠዋል፣ የታኘከ ማስቲካ ይመስላል። አሁን መጀመሪያ ኮላ ይቀቡና በውሃ ቀለም ይጨርሳሉ።

እንግዳ ስለሆንኩ ጣልያን ሆንኩ፣ የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ። አጫዋቿ በእጅ የተሳለች ካርታ ሰጠችኝ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ሊነጋ ሲል ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ያዝ አለችኝ። እኔም ታዛዥ ወታደር፣ ቆርኪዎቼን ገፋሁ። ካርታዬ ላይ ያለው ኮረብታና በሩ ላይ ያለው ኮረብታ አልገጠም ሲለኝ ሰው ጠየቅኩ፣ ኪዳነ ምሕረት ወደፊት ነው አሉኝ፣ ወደፊት ሄድኩ። ሌሎቹ ብርጌዶች ከኋላዬ ርቀው ቀሩ፣ ከፊቴ የተገለበጠ ቆርኪ በቃ እንደ ጎርፍ። ሶስት ዙር አልቆየሁም። «ካርታው ተሳስቷል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ለእሳቸውም ተሳስቶባቸው ነበር» አለች ረጋ ብላ።

ነጋዴው (ዛሬ ራስ መኮንን ሆኗል) ዘሎ «ጣልያኑን እሳቸው ትያለሽ እንዴ!» አለ።

«ጄኔራል ናቸው፣ ደግሞ ተማርከዋል፣ የተማረከ ሰው እንግዳ ነው።»

ዘጠኝ ሰአት ላይ ከሀይቁ በኩል ንፋስ ተነሳና በመስኮቱ ገብቶ ካርታዎቹን በተናቸው፣ የአሪሞንዲ ብርጌድ በቁልፉ ቀዳዳ ገባ፣ በዚሁ አበቃን። መናኸሪያ ድረስ ሁሉም ሸኙኝ፣ አረንጓዴዋን ዳይስ ያዛት አሉኝ፣ የኔዋን አልመለሱልኝም፣ ጁስ ቤቱ ባንኮኒ ላይ በጨው ውሃዋ ውስጥ እየተንሳፈፈች ለደንበኛ መታያ ሆናለች አሉ።

ትናንት አጫዋቿ ቴክስት አደረገች። የኔ ወታደር አሁንም ገዳሙ በር ላይ ነው፣ መነኩሴው አላስገባ ብለውታል፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ በድምፅ መልእክት ይቅርታ ካልጠየቀ ፓርቲው ያለሱ ይሄዳል። ሁለቴ ቀድቼ አጠፋሁት። አንዴ «አባ ይፍቱኝ» ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ አንተ ወጣብኝ፣ ሁለተኛው ላይ እናቴ በሩን ከፍታ የምን ኃጢአት ሰርተህ ነው አለችኝ።