«በግራ እጅዎ ይያዙት»

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለአጋእዝተ ዓለም ሥላሴ፣ «ካቆማችሁኝ ጥር 7 ቀን ጧፍ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ፤ ያደረጋችሁልኝንም ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ጧፉን አድርሻለሁ። የቀረኝ መናገሩ ነው።

ዕድሜዬ 63 ነው። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አስተምሬ፣ ጡረታ የወጣሁትም እዚሁ ነው። ሕመሙ ሲጀምረኝ የቀኝ ጉልበቴ መስሎኝ ነበር። በቅቤ አሸሁት። ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ብርድ ነው ሲሉኝ በጋቢ ጠቀለልኩት። እየቆየ ብሽሽቴ ውስጥ ገባ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ እግሬ የእኔ አይመስለኝም፤ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስል ነው የሚፍታታልኝ። ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። የእግሬን ጥፍር ልጄ ትቆርጥልኝ ጀመር። ቡና ላፈላ ዱካ ላይ ከተቀመጥኩ ሰው ካልጎተተኝ አልነሳም።

ሕመሙን ግን ለመድኩት። ያልለመድኩት መንገዳገዱን ነው። ስራመድ ወደ ቀኝ ዘመም እላለሁ። የጎንደር ሰው ያውቀዋል፣ ከተማችን ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ኮብልስቶኑ ላይ እግሬን ባሳረፍኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። አንድ ቀን በራችን ላይ ወደቅኩ። ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያዋን አይረሳም። ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ዓይናቸው ትልልቅ። በ1880 ዓ.ም ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል እሷ ተርፋለች፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው እያሉ ነው ያሳደጉን። ከልጅነቴ ጀምሮ ገብቼ ከተሳለምኩ በኋላ ቀና ብዬ መላእክቱን አያለሁ። አባቴ «እያዩሽ ነው፤ አንቺም እያቸው» ይለኝ ነበር። ያን ቀንም ቀና አልኩ። ራሴን ወደ ኋላ ዘንበል ሳደርግ ምድር ከሥሬ የሸሸች መሰለኝ። አጠገቤ በነበረች እናት ላይ ወደቅኩ። አጥንቴ አልተሰበረም፣ ተመስገን። ግን ፍርሃት ገባብኝ።

ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣሁም። ወራት አለፉ። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ እልልታውን በመስኮት ሰማሁ። አለቀስኩ።

ጸሎቴ መጀመሪያ «ሕመሙን አንሱልኝ» የሚል ነበር። አንድ ሌሊት ግድግዳ ይዤ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ መሃል ላይ ቆምኩ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ፈራሁ። እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «ሕመሙ ይቆይ ካላችሁ ይቆይ። መውደቄን ብቻ አንሱልኝ። ቆሜ መላእክቱን ልያቸው።» የተሳልኩትም ያኔ ነው።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪም ጋም ሂጂ» አሉኝ። ስግደት በመቅረቱ እንደማዝን ሲያዩ፣ «ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃል። ሲደክምሽም ተቀመጪ፤ ለታመመ ተፈቅዷል» አሉኝ። ይህን በመስማቴ ብቻ ግማሽ ሸክሜ ወረደልኝ።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አድርጎ አሳየኝ። «እማማ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው። የታመመው ዳሌዎ ነው» አለኝ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው። ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ በመካከል ያለው ልስልስ ነገር ሳስቶ አልቋል። በግራ በኩል ክፍተቱ ይታያል፤ በቀኝ ግን አጥንቶቹ ተጠጋግተዋል። ከፋርማሲ እየገዛሁ በየቀኑ የምውጠውን ማስታገሻም ጠየቀኝ። ጨጓራዬን እንደሚያቃጥለኝ ስነግረው አስቆመኝና በሌላ ቀየረልኝ። ከባሰ መገጣጠሚያውን በቀዶ ጥገና መቀየር እንደሚቻል ነገረኝ። «አሁን ግን ፊዚዮቴራፒ» አለ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል የተቀበለኝ ልጅ ከተማሪዎቼ ታናሽ ይመስላል። የያዝኩት የአባቴን መቋሚያ ነበር። አባቴ ማሕሌት ይቆምበት ነበር፤ እጀታው በእጁ ብዛት ልሟል። «እስኪ ይራመዱልኝ» አለኝ። ተራመድኩ። ልጁ መጣና መቋሚያውን ከቀኝ እጄ ቀስ ብሎ አወጣው። ዞረና ግራ እጄ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

«በግራ እጅዎ ይያዙት።»

«የታመመው ቀኜ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ለዚያ ነው። በቀኝ እግርዎ ሲቆሙ ዳሌዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የመቀመጫዎ ጎን ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ሲጎትት መገጣጠሚያውን ይጫነዋል። ምርኩዙ በግራ ከሆነ ሥራውን ያግዘዋል። ከቀኝ እግርዎ ጋር አብሮ ይሂድ።»

ሦስት እርምጃ ተራመድኩ። አልዘመምኩም። አራተኛው ላይ እንባዬ መጣ። ልጁ ደነገጠ፣ «አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። ያን ያህል ጊዜ የለመንኩት ነገር እጄ ላይ መጥቶ ነው። ሰው ይህን «ትምህርት ነው እንጂ ተአምር አይደለም» ቢለኝ አልከራከረውም። እኔ ማንን እንደለመንኩ፣ ማን እንደሰማኝ አውቃለሁ።

መቋሚያው ግን ይረዝማል አለኝ። እጄን ወደ ታች ስለቀው የምርኩዙ ጫፍ የእጄ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። «ይቆረጥ?» ስለው፣ «የአባትዎን? አይሆንም» አለ። እግዜር ይስጠው። ልጄ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ሌላ ዱላ ገዛች፣ በልኬ አስቆረጠች። በረባሶ ሠሪው ከመኪና ጎማ ቆርጦ ጫፉ ላይ መታልኝ። ድንጋይ ላይ አያንሸራትተኝም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ የአልጋውን ራስጌ እይዛለሁ። ቀኝ እግሬን ወደ ጎን አሥር ጊዜ፣ ግራውንም አሥር ጊዜ አነሳለሁ። ከወንበር ተነስቼ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አምስት መሙላት ከብዶኝ ነበር። ዱካው ወጣ፤ አሁን ቡና የማፈላው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ነው። እግሬን የሚጠልፈኝ ምንጣፍ ተነሳ። ማታ መብራት አይጠፋም። ደረጃ ሲመጣ ልጁ ያስጠናኝን እደግማለሁ፦ ሲወጡ ደህናው ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ከምርኩዙ ጋር።

ጥር 7 ሌሊት አልሄድኩም፤ ሕዝቡ ይገፋኛል ብዬ ፈራሁ። ረፋድ ላይ ነው ከልጄ ጋር የሄድኩት። ሦስት ቦታ አረፍኩ። በበሩ ግንብ ሥር ስደርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ጧፉን ሰጠሁ። ሰው ቀለል ሲል ገባሁና ተሳለምኩ። እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ፣ ምርኩዜን በግራ ጠበቅ አደረግኩ።

ቀና አልኩ።

ትንሽ ወዝወዝ አልኩ። ልጄ እጇን ዘረጋች፤ ግን አልያዘችኝም። አልወደቅኩም። ሁሉም እዚያው ናቸው፣ እንደ ልጅነቴ እያዩኝ። አንገቴ እስኪደክመው አየኋቸው።

ብሽሽቴ አሁንም ያመኛል፤ ብርድ ሲሆን ይብስብኛል። የካቲት ላይ ቀጠሮ አለኝ፤ ሐኪሙ ስለ ቀዶ ጥገናው እንነጋገራለን ብሏል። ለእሱም ተስያለሁ። ሥላሴ ከፈቀዱ መጥቼ እናገራለሁ።