በርሜል ውስጥ ያለ እጭና የጅማ ትምህርት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድሬዳዋ

ሰሞኑን ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲያወራ የምሰማው አንድ ነገር ነው፣ ልጄ ተመርቆ ቤት ተቀመጠ፣ ሥራ የለም፣ ታዲያ ምን ጠብ አለልን ነው። እውነታቸውን ነው። ለፍተህ ያስተማርከው ልጅ ዲግሪውን ይዞ ደጅ ደጅ ሲያይ መዋሉ ለወላጅ ከባድ ነው፣ በእኛም ቤት በታናሽ ወንድሜ አይተነዋል። ግን ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የሚሰጠው ነገር ደሞዝተኛ ማውጣት ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ፣ ይሄን የማምነው ደግሞ ከወሬ ሳይሆን በየቀኑ ከምሠራው ሥራ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ሙቀቱም አላስተኛኝ ስላለ ልጻፈው።

እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ድሮ ሳኒታሪያን የሚባለው። የተማርኩት ጅማ ነው። ጅማ ጤና የተማረ ሰው ሲቢቲፒ (ማህበረሰብ ውስጥ ገብቶ እየሠሩ የሚማሩበት ፕሮግራም) ሲባል ወዲያው ጭቃው፣ ቦት ጫማው፣ ቤት ለቤት ዙረቱ ይታየዋል። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲቋቋም ትምህርቱ ማህበረሰብ ተኮር ይሁን ተብሎ ነው የተጀመረው፣ በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንን ይዞ ቀጠለ። ምን ማለት ነው፣ ተማሪ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ከክፍል ይወጣና አንድ ቀበሌ ይመደባል፣ መጀመሪያ የቀበሌውን ችግር ያጠናል፣ ቀጥሎ እቅድ ያወጣል፣ ከዛ ከነዋሪው ጋር ሆኖ የሚቻለውን ይሠራል። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ቲቲፒ የሚባል የቡድን ሥልጠና አለ፣ የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላብራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ የኛም ዲፓርትመንት ተማሪ ተደባልቆ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብሮ ይኖራል አብሮ ይሠራል።

እኛ የደረሰን አሰንዳቦ አካባቢ ነበር። በየበሩ በጠመኔ ቁጥር እየጻፍን፣ ከሽንት ቤቱ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በሜትር እየለካን (ሠላሳ ሜትር መሆን አለበት ብለን ተምረናል፣ ያየነው አብዛኛው አጥር ለአጥር ነው)፣ ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንት ሞተ፣ በምን ሞተ እያልን እንጠይቃለን። ስንት ሞተ የሚለው ጥያቄ ላይ እጄ ይከብደኝ ነበር። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ፣ አፋን ኦሮሞ የሚችለው ጓደኛችን እያስተረጎመልን፣ ሁሉንም መለሱልንና በመጨረሻ እሳቸው ጠየቁን፣ "ከእናንተ በፊትም ልጆች መጥተው ቆጥረውናል፣ ምን አገኙ?" አሉ። ማናችንም መልስ አልነበረንም፣ የቀደመው ባች ሪፖርት ዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዳለ እናውቃለን እንጂ ምን እንደሚል ማናችንም አላነበብንም።

ያቺ ጥያቄ ከክፍል ትምህርት ሁሉ በላይ እኔን ቀይራኛለች ማለት እችላለሁ። ማታ ተሰብስበን ተነጋገርንና ያገኘነውን ነገር ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለቀበሌውም ፕሪዘንት እናድርግ ተባባልን፣ ኢንስትራክተራችንም ደስ አለው። በትልቅ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣልን፣ ጓደኛችን በአፋን ኦሮሞ አስረዳ፣ ሰው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሰማ፣ ጠየቀ፣ አንዳንዱን ቁጥር ተሳስታችኋል ብለው አረሙን፣ ትክክልም ነበሩ። ሰውም ከብትም አንድ ላይ የሚጠጣበት ምንጭ ነበር፣ የዛን ዕለት የተነሳው ወሬ ነው በኋላ ምንጩን ወደ ማጎልበት የሄደው፣ ድንጋዩን እነሱ አመጡ፣ ሲሚንቶው ከወረዳ ተገኘ፣ ከብቱ ለብቻው የሚጠጣበት ገንዳ ወደ ታች ወረደ። እኛ ያደረግነው ትንሽ ነው፣ ግን ቆጥሮ መሄድና ቆጥሮ መንገር ምን ያህል እንደሚለያዩ የዛን ጊዜ ገባኝ።

ወደ ሪሰርቹ ልምጣ። እዛው ጅማ አካባቢ ግልገል ጊቤ ግድብ አለ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው። ግድብ ሲሠራ ሁላችንም የምናስበው መብራት ነው፣ እዛ ውሃ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ትንኝ ነው የመጣበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ እነ ፕሮፌሰር ደለነሳው የኋላው፣ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከግድቡ ውሃ በ3 ኪሎሜትር ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ከ5 እስከ 8 ኪሎሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ወባ እንደሚበዛባቸው አሳዩ። በኋላ ረዘም ያለ ክትትል ሲደረግ ደግሞ ነገሩ የርቀት ብቻ ሳይሆን የወቅትም ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይሄን የምወደው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ያለ ጥናት አይደለም፣ ተመልሶ ሄዶ የራሱን መልስ የፈተነ ነው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በጅማ ዙሪያ ያለው የወባ ትንኝ ለዲዲቲና ለሌሎች ኬሚካሎች እየተላመደ እንደሆነ እየፈተኑ ያወጡት። አገሪቱም ቤት ለቤት ርጭቱን ከዲዲቲ ወደ ሌላ ኬሚካል አዙራለች። አስቡት፣ የማይገድል ኬሚካል በየዓመቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ጎጆ ግድግዳ ላይ ሲረጭ። ያንን የሚነግርህ ትንኝ እየያዘ ቱቦ ውስጥ ከትቶ የሚቆጥር ሰው ነው፣ እሱ ከሌለ ማንም አያውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ እኔ ከተማ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ በዛ፣ ጥራት የለም ይባላል፣ የጥራቱን ነገር እኔም አልክድም፣ ግን በዛ የሚለው ላይ ሁሌ አንድ ነገር እመልሳለሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ አለች፣ አገሯ እስያና የአረብ ምድር ነው፣ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘችው በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው፣ ከተያዙት ትንኞች መሀል ለይተው ያወቋት የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና የውጭ ባልደረቦቹ ናቸው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2007 ነው፣ አዲስ ከሚባሉት ነው። እሱ ባይኖር ማን ነበር ቀብሪ ደሃር ድረስ ሄዶ እጭ የሚቀዳው? ከአዲስ አበባ ማን ይሄድ ነበር? ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ከታመመ በኋላ።

የዚህች ትንኝ ክፋቷ ከተማ ትወዳለች፣ ወራጅ ውሃና ረግረግ አትጠብቅም፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ ሰው ውሃ ያጠራቀመበት ሁሉ ቤቷ ነው፣ ስለዚህ ክረምትም አትጠብቅም። ድሬ ላይ በ2022 በደረቁ ወራት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ በ2019 በተመሳሳይ ወራት ከ200 ብዙም ያልዘለለው የወባ ታማሚ ቁጥር ከ2,400 አለፈ፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ ተያዙ። ያኔ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ልጆች ከሌሎች ጋር ሆነው መጥተው የታማሚዎቹን ቤትና ዙሪያውን ፈትሸው ጉዳዩ ከስቴፈንሳይ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። እኛ እስከዛ ድረስ ወባ የገጠር፣ የቆላ፣ የመስክ ሥራ ነው ብለን ነበር የተማርነው። መማሪያ መጽሐፉ የማያውቀውን ነገር እየኖርክበት መሥራት ይከብዳል፣ ያ ጥናት ባይመጣ በርሜል መክፈት ያለብንን ጊዜ ቦይ ስናጸዳ እንከርም ነበር።

አሁን የእኔ ሥራ ምን ይመስላል፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከጤና ኤክስቴንሽኖቹ ጋር እንወጣለን፣ ገንደ ቆሬ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ግቢ እንገባለን፣ ክዳን እናነሳለን፣ በነጭ ጭልፋ እንቀዳለን። የወባዋ እጭ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ትተኛለች፣ የዴንጊና የቺኩንጉንያ አምጪዋ ደግሞ ጭራዋን ወደ ላይ አድርጋ ቁልቁል ትንጠለጠላለች፣ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ በርሜል ውስጥ ናቸው። ይሄን ለቤቱ እናት በስልክ መብራት ሳሳያቸው "ውይ፣ እኔ እኮ ትል መስሎኝ በሻሽ አጥልዬ ነው የምጠቀመው" ይላሉ፣ ያኔ ማስተማር አያስፈልግም፣ ራሳቸው ናቸው ጎረቤት የሚጠሩት። ውሃ አታጠራቅሙ ብለን ግን አንልም፣ ሊባልም አይገባም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው ባያጠራቅም ምን ይጠጣ? ክዳኑን ግጥም አድርጉ፣ በየሳምንቱ ጎኑን ፈትጋችሁ እጠቡ ነው የምንለው፣ እጩ በሙቀታችን ከሳምንት ብዙም ሳይዘል ትንኝ ሆኖ ይበራል።

እና ተመራቂ ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ የክፍሌን ልጆች አንድ በአንድ ሳስብ አንዱ ወለጋ ወረዳ ጤና ጽህፈት ቤት ነው፣ አንዷ ሐዋሳ ታስተምራለች፣ አንዱ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ውሃ ያክማል፣ አንዷ ሪያድ ሄዳ ሌላ ሥራ ነው የምትሠራው (እሷ ከኛ ሁሉ ጎበዝ ነበረች፣ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል፣ አገሪቱ ያጣችው ነገር ስለሆነ)። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን፣ አንዱ ጋ ኮሌራ ሲነሳ ክሎሪኑን እንዴት በጠበጥከው እያልን እንጠያየቃለን። በዜና አይወጣም፣ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚመልስልህ ሰው መኖሩ ቀላል አይደለም።

የሚያናድደኝን ደግሞ ልናገር። ብዙ ጥናት የሚሠራው ለመመረቂያ ነው፣ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የተጠናው ሰው ሊያነበው አይችልም፣ አንዳንዴ ወረዳው ራሱ ኮፒ የለውም። አንድ ጊዜ ለሥራ ፈልጌ በዚሁ አካባቢ ስለ ውሃ የተሠራ ጥናት እንዲሰጡኝ አንድ ተቋም ሄጄ ከቢሮ ቢሮ ስላክ ውዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ደሙን የሰጠ፣ ቤቱን የከፈተ፣ ልጁ ሞቶበት ያንን ለማያውቀው ወጣት የነገረ ሰው ውጤቱን የማወቅ መብት አለው ብዬ ነው የማስበው። ፈቃድ ስንጠይቅ ፎርም እናስፈርማለን አይደል፣ እዛው ፎርም ላይ ያገኘነውን ተመልሰን እንነግርዎታለን የሚል መስመር ገብቶ ተማሪው ሳይነግር አይመረቅም ቢባል ምን ይከብዳል? ዩኒቨርሲቲዎቹ የማህበረሰብ አገልግሎት የሚል ቢሮ አላቸው፣ በጀትም አለው፣ ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ ይፈልጋሉ።

እኔ በበኩሌ ያለፉት ወራት የቆጠርነውን የበርሜል ዳታ በሰፈር በሰፈር ከፋፍዬ አንድ አንድ ገጽ አድርጌዋለሁ፣ አብዛኛው ሥዕል ነው፣ ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ። ሶማሊኛውን አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን እያረመችልኝ ነው፣ ሰኞ ትጨርሳለች፣ ከዛ መጀመሪያ የምንወስደው ገንደ ቆሬ ነው፣ ቁጥራቸው ከሁሉም የባሰ ስለሆነ እነሱ ቀድመው ማወቅ አለባቸው።