የጥድ ፍሬ ፍሬ አይደለም

ባለፈው እሁድ ከድሬ ሐረር ወጥተን አንድ ዘመድ ቤት ዋልን። ግቢው ውስጥ አሮጌ ጥድ አለ፣ ሥሩ ሰማያዊ እንክብል ረግፎበታል። የእህቴ ልጅ አንዷን አነሳችና «አጎቴ፣ ጥድ አበባ የለውም አላሉንም እንዴ? ታዲያ ይሄ ፍሬ ከየት መጣ?» አለችኝ። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከባዮሎጂ ጋር ኩርፊያ ላይ ነች።

በጥፍሬ ሰነጠቅኳት። ከሽምብራ አትበልጥም፣ ላይዋ አመድ የነካው ይመስላል፣ ውስጧ ጠጣር ዘሮች አሉ። ግን ፍሬ አይደለችም። ፍሬ ማለት ያደገ የአበባ ማህፀን፣ ማለትም ዘሩን አቅፎ የሚይዘው የአበባው ክፍል ነው፣ ጥድ ደግሞ ማህፀን የለውም። ይቺ ቅርፊቶቿ ወፍረው የተጣበቁ ኮን ናት፤ ኮን ማለት እንደ ጥድ ያሉ አበባ የለሽ ዛፎች ዘራቸውን የሚይዙበት ቅርፊታም አካል ነው።

አበባ ያለውን ለማየት እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ያለውን የድሬዳዋ ዛፍ አስቡት። ከማዳጋስካር የመጣ እንግዳ ነው፣ ግን ስማችንን ወስዷል። አበባው አራት ቀይ ቅጠል አለው፣ አምስተኛው ነጣ ብሎ በቀይ የተዥጎረጎረ ነው፤ ይሄ ሁሉ ጌጥ ብናኙን፣ ማለትም የወንዱን ሕዋስ የያዘውን ዱቄት፣ የሚያደርስለት መልእክተኛ ለመጥራት ነው። ልጆች የሚያንቃጭሉት ያ ረጅም ቆባ ያደገው ማህፀኑ ነው።

ጥድ ጌጥ አያውቅም። ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ብናኙን ነፋስ ያመጣዋል። ሴቷ ኮን ላይ ጠል የምታክል ጠብታ ትወጣለች፣ ብናኙ ይጣበቅባታል፣ ከዚያ ጠብታዋ ይዛው ወደ ውስጥ ትመለሳለች። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

ሌላው ልዩነት ስንቁ ነው። አበባ ያለው ተክል ቆጥቋጣ ነው፣ እንግዳው ሳይገባ ድስት አይጥድም። ከብናኙ ሁለት የወንድ ሕዋሳት ይገባሉ፦ አንዱ ፅንሱን ይፈጥራል፣ ሌላው የፅንሱን ምግብ፣ ኢንዶስፐርሙን ያስጀምራል። ናዋሺን የሚባል ሩሲያዊ በ1898 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው ይሄን ያየው። የማሽላ እንጀራችን በአብዛኛው ያ ስንቅ ነው። ጥድ ግን እንደ ስሙ ቀድሞ ይጥዳል፤ ምግቡ ከፅንሰቱ በፊት መዘጋጀት ይጀምራል፣ ፅንስ ካልተፈጠረ ድካሙ ከንቱ ነው።

ማታ በደንገጎ ስንወርድ ልጅቷ ማንጎ እየላጠች «ይሄስ?» አለችኝ። «እሱማ ማህፀን ነው» ስላት ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ ለእናቷ አቀበለቻት።