መጨረሻው ያው ነው

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የሽሮፕ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ስሙ ይቅር። ሽሮፑን የሚያዋህዱት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ናቸው። ሽሮፑ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ማቆያ፣ ሶዲየም ቤንዞኤቱን፣ ለብቻው በውኃ ያሟሙታል፣ ታንክ ውስጥ ጨምረው በደንብ ያማስሉታል፣ ሲትሪክ አሲዱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን ሲባሉ "አለዚያ ይቆጣል" ይላሉ፣ በቃ።

አዲስ የፕሮዳክሽን ኃላፊ መጣና ጊዜ እንቆጥብ ብሎ ሁለቱም ዱቄት በአንድ ባልዲ እንዲሟሟ አዘዘ። ጋሼ አጉረመረሙ፣ ግን አደረጉት። ባልዲው ወዲያው ወተት መሰለ። ታንኩ ላይ ሲገለበጥ ነጭ ቅርፊት ሽሮፑ ላይ ተንሳፈፈ።

"ያልሟሟ ስኳር ነው፤ አጣሩት" አለ ኃላፊው።

"ኢንጂነር፣ ይሄን ካጣራን የምንጥለው ማቆያውን እኮ ነው" አልኩት።

"ቤንዞኤት በውኃ ይሟሟል። ደግሞ ከዛፍ ሙጫ የሚገኝ ነገር ነው፣ ምን አስጨነቀህ?"

ሙጫው ድሮ ነው። ዛሬ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ቶሉዊን ከሚባል የነዳጅ ውጤት ነው። ሶዲየም ቤንዞኤት በአንድ ሊትር ውኃ ከ500 ግራም በላይ መሟሟቱም እውነት ነው፤ ግን አሲድ ሲያገኘው ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይመለሳል፣ እሱ ደግሞ በ25 ዲግሪ ከ3.4 ግራም ገደማ በላይ አይሟሟም። የተረፈው ይነጥራል።

ክርክሩን ትቼ ከቅርፊቱ ጨልፌ፣ ሲትሪኩ እንዲለቅ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት። ስኳር ቢሆን እዚያው ባለቀ ነበር። ከክበቡ ያስመጣሁትን ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጬ ጨመርኩበት። አሲድ ስለሆነ አረፋ እያወጣ ጠፋ። ኃላፊው ብርጭቆውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"እሺ። ግን ሽሮፑ ያው ኮምጣጣ ነው፣ ቤንዞኤቱም መጨረሻ ላይ ያው አሲድ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ምን ያመጣል?"

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው። እርሾና ሻጋታን የሚገታው ቤንዞይክ አሲዱ ራሱ ነው፤ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ሲወርድ ይበልጥ ይኮመጥጣል) 4.2 ላይ ግማሹ በዚያ መልክ ይገኛል፣ ፒኤቹ ከዚያ ሲወርድ ደግሞ አብዛኛው። ልዩነቱ ታንክ ሙሉ ሽሮፕ ውስጥ ተበትኖ ሲለወጥ ሟሙቶ ይቀራል፣ ባልዲ ውስጥ ተጨናንቆ ሲለወጥ ግን የሚገባበት ውኃ የለውም። ይሄን ስነግረው ስልኩ ጮኸና ሄደ።

ሽሮፑን በቀስታ አሙቀን ስናማስል አመሸን። ቅርፊቱ ሟሟ፣ አላጣራንም።

ከዚያ በኋላ የካይዘን ቦርዱ ላይ አዲስ የአሠራር ወረቀት ተለጠፈ፦ ቤንዞኤት መጀመሪያ፣ ለብቻው፤ አሲድ መጨረሻ። "ያዘጋጀው" በሚለው ቦታ የኃላፊው ስምና ፊርማ አለ። ሥልጠናም ተሰጠበት። ጋሼ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙ፣ ሻይ ጠጡ፣ አቴንዳንስ ፈርመው ወደ ታንካቸው ተመለሱ።